38፣ 13፣ 5፦ የታዳጊ ተጫዋች ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተደረገው ከ19 ዓመት በታች የዓለም ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ካናዳ አሜሪካን 99 ለ 87 አሸነፈች። አሜሪካ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደች፣ በታዋቂው አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ የምትመራ ቡድን ነበረች። ጨዋታው እንዳለቀ በወጣው የተጫዋቾች ሰንጠረዥ ላይ የሁሉም ዓይን አንድ መስመር ላይ አረፈ፦ አርጄ ባሬት፣ 38 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድ፣ 5 አሲስት። ልጁ 17 ዓመት ከሞላው ገና ወር አልሆነውም። በማግስቱ ካናዳ ጣሊያንን 79 ለ 60 ረትታ ዋንጫውን አነሳች፤ ባሬትም የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

ይህን መስመር የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 38ን አንብቦ ይረካል። እኔን የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን 13ቱ ነው። ነጥብ የሚያስቆጥር ልጅ በየአገሩ ሞልቷል። ያን ያህል ነጥብ እያስቆጠረ 13 ጊዜ ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር ተጋፍቶ ኳስ የሚያወርድ ግን በቀላሉ አይገኝም። ሰንጠረዡ እንዲህ ወደ ጎን፣ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ሲያነቡት ነው ተጫዋቹን የሚያሳየው።

እነዚህ ቁጥሮች የሚወለዱት ከሜዳው ጠርዝ ካለው ጠረጴዛ ነው። እዚያ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት መዝገቦች አሉ። አንደኛው አሸናፊውን የሚወስነው ይፋዊ የውጤት ወረቀት ነው። በእጅ ሲሞላ አንደኛውና ሦስተኛው ሩብ በቀይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በጥቁር ወይም በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጻፋል። ከሜዳ የገባ ኳስ በነጥቡ ቁጥር ላይ በሰያፍ መስመር ይሰረዛል፤ የገባ ቅጣት ምት የጠቆረ ክብ ይደረግበታል፤ ባለ 3 ነጥብ ከሆነ ደግሞ የአስቆጣሪው የማሊያ ቁጥር ይከበባል። ይህ ወረቀት ስለ ሪባውንድም ሆነ ስለ አሲስት አንዳች አይናገርም። የሚያውቀው ነጥብን፣ ጥፋትንና የእረፍት ጥሪን ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል ይጠራል፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ይመታል። «ነጭ 7፣ ባለ 2፣ ሳተ። ሪባውንድ ሰማያዊ 12፣ የመከላከል።» ይህን ለመጥራት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ ግን ጠሪው ገና ሳይጨርስ ኳሱ ወደ ሌላኛው ቅርጫት ሄዷል። እንዲህ እያሉ 40 ደቂቃ ሙሉ ይቀጥላሉ።

ሥራው መቁጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ፍርድም አለበት። ኳስ ያቀበለ ሁሉ አሲስት አይመዘገብለትም። ቅብብሉ በቀጥታ ወደ ነጥብ የመራ መሆን አለበት፤ ተቀባዩ ቆሞ አስቦ፣ ተከላካዩን በራሱ ችሎታ አልፎ ካስቆጠረ ነጥቡ የራሱ ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ መመሪያ ደግሞ ኳስ የተቀበለው ተጫዋች ሲወረውር ጥፋት ተሠርቶበት ከቅጣት ምቶቹ ቢያንስ አንዱን ካስገባ፣ ላቀበለው አሲስት ይያዝለታል። ሪባውንድም የራሱ ጣጣ አለው። የሳተው ኳስ ማንም ሳይቆጣጠረው ከሜዳ ከወጣ ሪባውንዱ የሚጻፈው ለቡድኑ ነው። የተጫዋቾቹን ሪባውንድ ደምሮ ከቡድኑ ድምር ጋር አልገጥም ያለው ሰው ምክንያቱን የሚያገኘው እዚህ ነው።

ሪባውንድ የማጥቃትና የመከላከል ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍፍሉም ትልቅ ትርጉም አለው። የራሱ ቡድን የሳተውን ኳስ መልሶ የያዘ ተጫዋች ለቡድኑ አዲስ 14 ሰከንድ የማጥቂያ ጊዜ ይገዛለታል። ነጥብ ሳያስቆጥር አራት የማጥቃት ሪባውንድ የያዘ ልጅ ለቡድኑ አራት ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል።

አሁን ሁለት ምናባዊ ተጫዋቾችን እናወዳድር። አንደኛው 20 ነጥብ አለው። ወደ ጎን ስናነብ ከሜዳ 20 ጊዜ ወርውሮ 6 አስገብቷል፣ ከነዚህ ሁለቱ ባለ 3 ነጥብ ናቸው፤ ከ8 ቅጣት ምት 6 አግብቷል፤ 3 ሪባውንድ፣ 1 አሲስት፣ 5 ጊዜ ኳስ አስነጥቋል። ሁለተኛው 8 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ግን ከ5 ውርወራ 3፣ ከ3 ቅጣት ምት 2 አስገብቷል፤ 9 ሪባውንድ፣ 5 አሲስት፣ 2 ስቲል (ከተጋጣሚ የነጠቀው ኳስ)፣ 1 ብሎክ (ያገደው ውርወራ) አለው፤ ኳስ ያስነጠቀው አንዴ ነው። ፊባ ለዚህ ንጽጽር የሚጠቀምበት የውጤታማነት ስሌት አለ፦ ነጥብ፣ ሪባውንድ፣ አሲስት፣ ስቲልና ብሎክ ይደመራሉ፤ ከዚያ የሳቱ ውርወራዎች፣ የሳቱ ቅጣት ምቶችና የተነጠቁ ኳሶች ይቀነሳሉ። የመጀመሪያው 24 ሲደመርለት 21 ተቀንሶበት 3 ይቀረዋል። ሁለተኛው 25 ተደምሮለት 4 ሲቀነስ 21 ያገኛል። በማግስቱ ስሙ የሚነሳው ግን ባለ 20ው ነው፤ ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ስሌቱም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ለጓደኛው በሰውነቱ ጋርዶ መንገድ የከፈተ፣ ረጅሙን ተጋጣሚ በጀርባው ገፍቶ ይዞ ሌላው ሪባውንዱን እንዲወስድ ያደረገ ልጅ በየትኛውም ዓምድ የለም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የገባው ፕላስ ማይነስ ነው፤ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ በነበረበት ጊዜ ቡድኑ በስንት ነጥብ እንደበለጠ ወይም እንደተበለጠ ይለካል። በአንድ ጨዋታ ግን ያሳስታል፤ ከአራት ጎበዞች ጋር የገባ ደካማም ትልቅ ፕላስ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ብዙዎች ዘለው የሚያልፉት የጥፋት ዓምድ ነው። በፊባ ሕግ አምስተኛ ጥፋት የሠራ ከጨዋታው ይወጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሪጋ ላይ ፈረንሳይና አሜሪካ ለዚሁ ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲጋጠሙ፣ የ17 ዓመቱ ቪክቶር ዌምባንያማ 22 ነጥብ፣ 8 ሪባውንድና 8 ብሎክ አስመዝግቦ ነበር። በውድድሩ በአማካይ 5.7 ብሎክ በጨዋታ ይዞ ክብረ ወሰን የሰበረ ልጅ ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ግን አምስተኛ ጥፋቱን ሠርቶ ወጣ፤ ፈረንሳይ 83 ለ 81 ተሸነፈች። 22ቱንና 8ቱን ብቻ ያነበበ ሰው ፈረንሳይ ለምን እንደተሸነፈች ግራ ይገባዋል፤ የጥፋት ዓምዱ ላይ ያለችው 5 ግን መልሱን ትጠቁመዋለች።

የታዳጊዎችን ሰንጠረዥ ስናነብ ከአዋቂዎቹ ይልቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በምድብ ጨዋታዎች የቡድኖች አቅም ልዩነት ሰፊ ነው፤ ደካማ ቡድን ላይ የተቆለለ 30 ነጥብ ከጠንካራ ቡድን ጋር ከተገኘ 15 ሊያንስ ይችላል። ባሬት ራሱ አሜሪካ ላይ 38 ባስቆጠረበት የካይሮ ውድድር አማካዩ 21.6 ነጥብ ነበር። ጨዋታውም ጥቂት ነው፤ በዓለም ዋንጫ አንድ ቡድን የሚጫወተው 7 ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ 20 ባለ 3 ነጥብ ምት የሞከረ ልጅ 7 ቢያስገባ 35 በመቶ፣ 9 ቢያስገባ 45 በመቶ ይሆናል። በመቶኛው አንዱ መካከለኛ፣ ሌላው ድንቅ ተኳሽ ይመስላል፤ ልዩነታቸው ግን ሁለት ኳስ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋች መልማዮች የልጁን እጅ ለማወቅ ወደ ቅጣት ምቱ ዓምድ ይሄዳሉ። እዚያ ተከላካይ የለም፤ ርቀቱ ሁልጊዜ ከሰሌዳው 4 ሜትር ከ60 ነው፤ ወርዋሪውም ብቻውን ነው።