የቅርብ ተጫዋች፣ የሩቅ ተጫዋች፦ የምልመላ ስሌት ከጋምቤላ አንጻር

«አጠገብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በቅርብ ያለ ነገር ተገቢውን ክብር እንደማያገኝ ያስተምረናል። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚለው ደግሞ ተቃራኒውን ይነግረናል። ወደ እግር ኳስ ሜዳ ስንመጣ ከሁለቱ የትኛው ይሠራል? ቡድኖች በአቅራቢያቸው ከሚገኙ ኮሌጆች ከሚገባው በላይ ተጫዋች ይመለምላሉን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከጋምቤላ ከተማ መሃል ተነሥተን በስታቲስቲክስ ዓይን እንመረምረዋለን።

ቦታው ለጥያቄው የተመቸ ነው። በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ጋምቤላ የክልሉ ርዕሰ ከተማ እንደመሆኗ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ይገኙባታል። ከከተማዋ ውጭ ደግሞ በኢታንግ፣ በአቦቦ፣ በጎግና በሌሎችም ወረዳዎች ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች አሉ። በወረዳ ወጣቶች ዓይን የከተማው ተማሪ የቅርብ ተጫዋች ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙት የአዲስ አበባ ክለቦች ዓይን ግን ያው ተማሪ የሩቅ ሰው ነው። እንግዲህ ቅርበት የሚለካው ከመልማዩ መቀመጫ ነው ማለት ነው።

«ብዙ» ሲባል ከምን አንጻር?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በከተማዋ የሚገኝ አንድ ቡድን 22 ተጫዋቾችን መረጠ እንበል፤ ከእነዚህም 12ቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ሆኑ። ከግማሽ በላይ ናቸውና አድልዎ አለ ለማለት እንቸኩል ይሆናል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ለምርጫው ብቁ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ስንቱ የኮሌጅ ተማሪ ነበር የሚለው ነው። ብቁ ከነበሩት 200 ወጣቶች 80ዎቹ ተማሪዎች ቢሆኑ ድርሻቸው 40 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ22ቱ መካከል 9 ያህሉ ተማሪዎች ሆነው እንዲገኙ እንጠብቃለን። ምርጫው በዕጣ ቢካሄድ እንኳ 12 ወይም ከዚያ በላይ ተማሪዎች የሚወጡበት አጋጣሚ ከ10 አንድ ያህል ነው። በመሆኑም 12 ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ተማሪዎቹ 16 ቢሆኑ ግን እንዲህ ያለው ውጤት በዕጣ ከ100 ጊዜ አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝምና ምክንያቱን መፈለግ ግድ ይላል።

ይህንኑ ስሌት ወደ አገር አቀፍ ደረጃ እናምጣው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ፣ የአገሪቱ ደግሞ 73.75 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የክልሉ ድርሻ 0.42 በመቶ መሆኑ ነው። 23 ተጫዋቾች ያሉት ብሔራዊ ቡድን ከመላው ሕዝብ በዕጣ ቢመረጥ፣ ከ10 ቡድኖች በ9ኙ አንድም የጋምቤላ ተወላጅ አይኖርም። 400 ተጫዋቾች በዕጣ ቢመረጡ እንኳ የሚጠበቀው ቁጥር 2 አይሞላም፤ ጭራሽ አንድም ያለመገኘቱ ዕድል ከ5 አንድ ያህል ነው። አንድ የኅብረተሰብ ክፍል በቁጥር ባነሰ መጠን ተረስቷል ወይም አልተረሳም ለማለት የብዙ ዓመታት መዝገብ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው በኩልም ጥንቃቄ ያሻል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከተጫወተ በኋላ ወደ ግብፅ የተሻገረው ኡመድ ኡኩሪና እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ የተዛወረው ጋቶች ፓኖም ሁለቱም የጋምቤላ ልጆች ናቸው። በሕዝብ ቁጥር ብቻ ከተሰላ ክልሉ ከድርሻው በላይ አበርክቷል፣ እንግዲያው ቅሬታ ሊኖረው አይገባም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የሕዝብ ብዛት የችሎታ ብዛት አይደለም። በተጨማሪም ስማቸውን የምንጠራቸው የታዩትን ብቻ ነው፤ ያልታዩት በቆጠራችን ውስጥ አይገቡም።

ርቀት ዳኝነትን እንዴት ያዛባል?

መልማዩ ምንም ዓይነት አድልዎ በልቡ ባይኖር እንኳ ርቀት ፍርዱን ሊያዛባው ይችላል። የአንድ ቀን ጨዋታ በተጫዋቹ ችሎታ ብቻ አይወሰንም፤ የተጋጣሚው ጥንካሬ፣ የሜዳው ሁኔታ፣ ድካምና ዕድል ሁሉ ይጨመሩበታል። አንድን ተጫዋች ደጋግመን ባየነው ቁጥር እነዚህ ነገሮች እርስ በርስ ይጣፋሉ። በግምታችን ላይ የሚኖረው ስሕተት የሚቀንሰው በተመለከትናቸው ጨዋታዎች ብዛት ስኩዌር ሩት ነው። የቅርቡን ኮሌጅ ተማሪ 9 ጊዜ፣ የሩቁን ወጣት አንድ ጊዜ ብቻ ያየ መልማይ በመጀመሪያው ላይ ያለው ስሕተት የሁለተኛው አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ሁለቱ በችሎታ እኩል ቢሆኑም እንኳ ጠንቃቃው መልማይ የሚያውቀውን ይመርጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ጥናት እጅግ ረጃጅም የሆኑ ወላጆች ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ አማካዩ ቁመት እንደሚቀርቡ አሳየ። ይህ ወደ አማካይ መመለስ በእግር ኳስም ይሠራል። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ የሩቅ ተጫዋች የሚመረጠው በዚያች ዕለት እጅግ ድንቅ ሆኖ ሲገኝ ነው። የዚያ ዕለት ውጤት ግን ከችሎታው ጋር ዕድልም የታከለበት በመሆኑ በኋላ ያሳየው ብቃት ከተጠበቀው ዝቅ ይላል። ክለቡም «የሩቆቹ አይሆኑንም» ብሎ ይደመድማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሩቅ የሚላከው መልማይ ያንሳል። እንዲህ እያለ ጥርጣሬው ራሱን እየመገበ ያድጋል።

የትኛው ፈተና ይፍረድ?

ኢኮኖሚስቱ ጌሪ ቤከር ስለ አድልዎ ካነሧቸው ሐሳቦች የሚመነጭ አንድ መመዘኛ እዚህ ይጠቅመናል። የሁሉንም ተመራጮች አማካይ ውጤት ከማነጻጸር ይልቅ ለጥቂት ያለፉትን እንመልከት። ከቅርብ ኮሌጅ በመጨረሻ የተመረጡትና ከሩቅ በመጨረሻ የተመረጡት ከሁለት የውድድር ዘመናት በኋላ ምን ደረሱ? የቅርቦቹ በግልጽ ካነሱ መመዘኛው ለእነርሱ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። እኩል ከሆኑ ግን የቅርቦቹ መብዛት በራሱ ጥፋት አይደለም።

መፍትሔውም ከዚሁ ይፈልቃል። ከእኛው እግር ኳስ የተለየው የአሜሪካው እግር ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾችን የሚመርጠው ክለቦች በየተራ በሚጠሩበት ሥርዓት ነው። ዕጩዎች ከሚለኩባቸው ነገሮች አንዱ የ40 ያርድ ሩጫ ሲሆን ከየትኛውም ኮሌጅ ቢመጡ ርቀቱ ያው ነው። ሩጫ መለካት የጨዋታ ንባብን አያሳይም፤ የመመዘኛው አንድነት ግን ትምህርት ይሰጠናል። በእኛም ዘንድ መልማዮች ወደ ጋምቤላ፣ ከከተማዋም ወደ ወረዳዎቹ ቢወርዱ፣ እያንዳንዱን ወጣት እኩል ጊዜ አይተው ነጥቡን ቢመዘግቡ፣ የርቀት ጫና በእጅጉ ይቃለላል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ በ17 ዓመቱ ሳይታይ የቀረ ወጣት በ25 ዓመቱ ሊካስ አይችልም። ክለቡም ቢሆን ሳያየው የቀረውን ተጫዋች ኪሳራ በሒሳብ መዝገቡ አያገኘውም። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ የምትገኙ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ በአካባቢያችሁ ያለ ቡድን ምርጫ ሲያካሂድ ደብተር ይዛችሁ ውጡ። ማን እንደተመረጠ ብቻ ሳይሆን ስንት ወጣቶች እንደቀረቡ፣ ከየት እንደመጡና እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደታየ መዝግቡ። ቅሬታን ከማስረጃ የሚለየው ይህ መዝገብ ነው።