ጓርኒሲዮን፦ ላዳን ዘይቷን የሚያስይዛት ስስ ነገር

ጋራዥ ውስጥ የቆየ ቀልድ አለ፦ ዘይት የማትጥል ላዳ ከመጣች መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዘይት አልቆባት እንዳይሆን ነው። ቀልዱ ላዳን ይበድላታል። ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ዘይቷን ይዛ ነው የወጣችው፤ ዛሬ የምትጥለው ከብረቶቿ መሐል የተኛው ስስ ነገር ስለደረቀባት ነው። ጓርኒሲዮን ይሉታል። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ለጠየቀ ሰው ከመኪና ዕቃ ሁሉ ከርካሾቹ ወገን ነው። እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ብረትና የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ባለ ላዳው «ለጊዜው እየጨመርኩ ልግፋት» ይልና ዓመት ሁለት ዓመት ዘይት እየገዛ አስፋልት ያጠጣል።

ላዳ የጣሊያኗ ፊያት 124 ልጅ ናት። ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር የተዋዋለችው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ ቶልያቲ ከተማ ላይ ከተተከለው ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የወጡት በ1970 ነው። ቅርጿን ከፊያት ብትወርስም ሞተሯን ለወጡላት፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው የካም ዘንግ ከታች ወጥቶ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ ተቀመጠ፣ በሰንሰለትም እንዲዞር ተደረገ። ይህ ለዘይቱ ጉዳይ ትርጉም አለው። ሰንሰለቱ የሚሮጠው ዘይት ውስጥ ስለሆነ የሞተሩ ፊት በክዳን መታሸግ አለበት፤ ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳንም ካሙ በሚረጨው ትኩስ ዘይት ቀኑን ሙሉ ይታጠባል። የዚህች መኪና ምርት ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ቆሟል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ታክሲ የምትሠራው ላዳ ወጣት የምትባል አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ የቤንዚን መኪና ይዞ መቆየት የላዳ ባለቤቶች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ሁለት ብረት በቡሎን ሲጋጠም ለዓይን ክፍተት የለውም። በማጉያ ቢታይ ግን የተላገው ፊት ሁሉ ጉብታና ሸለቆ ነው። የሞተር ዘይት 90 እና 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በጣም ይቀጥናል፤ በዚያ ሸለቆ ውስጥ መንገዱን ለማግኘት አይቸገርም። የጓርኒሲዮን ሥራ ሸለቆውን መሙላት ነው። ለዚህም ሁለት ጠባይ ያስፈልገዋል፦ ሲጫኑት መተኛት፣ ሲለቁት ተመልሶ መግፋት። ሞተር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ጓርኒሲዮኑ ጠዋት ማታ ይህንን ይከተላል። የሚሠራበት ቡሹም ጎማውም ከዓመታት በኋላ የመተኛቱን ጠባይ ይዞ የመመለሱን ይረሳል። ከአሮጌ ሞተር የወጣ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን በእጅ ቢያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ማቴሪያሉ እንደ ቦታው ይለያያል። ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ቡሽ ወይም ጎማ ይገባል፣ ከቤንዚን ፓምፑ ሥር ወረቀት፣ ከቴስታታው ሥር ደግሞ እሳትና ግፊት የሚችል ድርብርብ። የሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ግን ጓርኒሲዮን አይሆንም፤ እዚያ የሚገባው ኦይል ሲል ነው፤ የጎማ ከንፈሩን ቀጭን ስፕሪንግ ዘንጉ ላይ ጨምቆ ይይዝለታል።

የዘይት ጥገና ግማሹ ፍለጋ ነው፤ እኔ እንደውም ከግማሽ በላይ ነው እላለሁ። ዘይት ከወጣበት ቦታ አይንጠባጠብም። ከላይ ሾልኮ በብረቱ ጎን ይወርዳል፣ መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ በመጨረሻ የሞተሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ ማለትም የዘይቱ መያዣ በሆነው ኮፓ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይወድቃል። ከሥር ገብቶ ያየ ሰው ኮፓውን ይከሳል። «ጋሼ፣ ኮፓው ነው፤ ጓርኒሲዮኑን እንቀይረዋለን» ብሎ የሚጀምር መካኒክ ከገጠማችሁ «መጀመሪያ እጠባት» በሉት። የአዲስ አበባ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ሞተሩ ላይ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል፤ እሱ ሳይነሳ ማንም ምንም አያይም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በናፍጣና በብሩሽ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ዲስትሪቢዩተሩና ካርቡሬተሩ በፌስታል ይሸፈናሉ። ከደረቀ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ከላይ ወደ ታች ይታያል። የሚፈለገው ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ካላስታወቀ የሕፃናት ፓውደር በተጠረጠረው መጋጠሚያ ላይ መነስነስ ነው፤ ዘይቱ ነጩ ላይ ወዲያው መስመር ያወጣል።

ፈሳሹንም መለየት ያስፈልጋል። ከኋላ በኩል የሚንጠባጠበው ከሞተሩ ላይሆን ይችላል፤ የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለ ነው፣ እንደ ድኝ የሚከረፋም ጠረን አለው። ጣት ነክሮ ማሽተት ነውር የለውም።

ብዙ ጋራዦች የሚዘሉት አንድ ምርመራ አለ፤ ለእኔ ከጓርኒሲዮኑ ራሱ ይበልጣል። ሞተር መተንፈስ አለበት። ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ ሁልጊዜ ፋሻ የሚባሉትን የፒስተን ቀለበቶች አልፎ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ክፍል ይገባል። ላዳ ላይ ይህ ጋዝ በአንድ ጎማ ቱቦ ወጥቶ ወደ አየር ማጣሪያው ቤት እንዲሄድ ተደርጓል፤ ቱቦው ውስጥም የእሳት መከላከያ ወንፊት አለ። ወንፊቱ በጥላሸትና በዘይት ሲደፈን ጋዙ መውጫ ያጣል። ያኔ ግፊቱ ዘይቱን በደከመው መጋጠሚያ ሁሉ ይገፋዋል፤ አንዳንዴ የዘይት መለኪያውን ሽቦ ከቦታው ያስነሳዋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አንዱን ጓርኒሲዮን ቢቀይሩ ዘይቱ በሌላው ይወጣል፤ ባለ መኪናው ደግሞ ዕቃው ፎርጅድ ነው ብሎ ሻጩን ይረግማል።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ተከፍቶ አፉ በስስ ፌስታል ይሸፈናል። ፌስታሉ ተነፍቶ ከቆመ ግፊት አለ ማለት ነው። ቱቦውንና ወንፊቱን አውጥቶ በቤንዚን ማጠብ ገንዘብ አያስወጣም። ከታጠበም በኋላ ፌስታሉ የሚነፋ፣ ከመጨመሪያውም አፍ ጭስ ቱፍ ቱፍ የሚል ከሆነ ፋሻዎቹ አልቀዋል፤ ያ የጓርኒሲዮን ሥራ አይደለም፣ ሞተር ማውረድ ነው።

እንበልና ፍለጋው የቫልቭ ክዳኑን አመለከተ፤ ብዙ ጊዜም እሱ ነው። ከላይ ስለሆነ ለመሥራት ከሁሉ ቀላሉ ቦታ ነው፣ ለማበላሸትም እንደዚያው። አየር ማጣሪያው ተነስቶ፣ የካርቡሬተሩ ዘንጎች ተለያይተው፣ ስምንት ዳዶ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። ክዳኑ ከተጣበቀ በመዶሻ እጀታ ጎኑን መታ መታ ማድረግ ነው፤ ካቻቢቴ ሰክቶ ማንሳት አይፈቀድም፤ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ነውና አንዴ ከተጫረ የዘይት ቦይ ተቆፈረለት ማለት ነው። የአሮጌው ቅሪት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ይፋቃል። ብርጭቆ ወረቀት እዚህ ቦታ አይደርስም፤ የሚረግፈው አሸዋ ካሙ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ክዳኑን ገልብጦ ከንፈሩን ማየት ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ከእናንተ በፊት ያጠበቀው ሰው ጉልበቱን አሳይቶ ከሆነ በየቀዳዳው ዙሪያ ቆርቆሮው ወደ ታች ጎርበጥ ብሎ ይገኛል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲያጋድሙበት ቀዳዳዎቹ ጋ ይነካል፣ በመካከላቸው ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ክዳን የዓለም ምርጥ ጓርኒሲዮን ቢገባለት ዘይት መጣሉን አይተውም። ክዳኑ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱ ጉርባጤ በትንሽ መዶሻ ቀስ እየተባለ ይመለሳል። ከቫልቭ ማስተካከያ ጋር ካልተዳረሰ በስተቀር አጭር ሥራ ነው፤ የዘንድሮውን ጥገና ከከርሞው የሚለየው ግን ይኸው ነው።

አዲሱ ጓርኒሲዮን በደረቅና ንጹሕ ፊት ላይ ይቀመጣል። ዳዶዎቹ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ጫፍ፣ ቀኝና ግራ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ለእነዚህ ትንንሽ ዳዶዎች የተፈቀደው ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው ቁልፉን ከአንገቱ አጠር አድርጎ ይያዝና በእጁ አንጓ ብቻ ያጥብቅ። ሥራው ላይ የሚገባው ትከሻ የለም። ሲጠብቅ ቡሹ ወደ ጎን ሾልኮ ወጥቶ ከታየ አልፏል፤ በቡሎኖቹ መካከል ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሞቆ ከበረደ በኋላ ቡሽ ትንሽ ስለሚተኛ አንድ ጊዜ መልሶ መነካካት ተገቢ ነው።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ልበል፤ ጋራዦቻችን ይወዱታል። ጓርኒሲዮን ሲጠፋ እሱ ብቻውን ይቀባል፣ ሲገኝም ላዩ ላይ ይጨመራል። ሲሊኮን ቦታ አለው፦ ሁለት ብረቶች ተጋጥመው ሦስተኛው በሚቀመጥባቸው ማዕዘኖች፣ ለምሳሌ የሰንሰለቱ ክዳንና ብሎኩ ተገናኝተው ኮፓው በሚያርፍባቸው ነጥቦች ላይ ጠብ ይደረጋል። ከዚያ ውጭ በብዛት የተቀባው ግማሹ ወደ ውስጥ ይጨመቃል። ደርቆ ሲረግፍ ኮፓው ውስጥ ወርዶ የዘይት ፓምፑ በሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ዘይት እንዳይፈስ ተብሎ የተቀባው ነገር ሞተሩን ዘይት ያስጠማዋል፤ ያኔ የሚቀየረው ጓርኒሲዮን ሳይሆን የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚና ነው።

ትንንሾቹ ቦታዎች ብዙ አያስፈቱም። የቤንዚን ፓምፑ ሥር፣ የዘይት ግፊት ምልክት ሰጪዋ አንገት፣ የኮፓው መክፈቻ ቡሎን። ከዘይት ማጣሪያው ግን አንድ ተንኮል ይወጣል፦ አሮጌው ማጣሪያ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ብሎኩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሳይታይ አዲሱ በላዩ ይጠብቃል። ሁለት ጎማ ተደራርቦ አይታሸግም፤ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ በግፊት መሬት ላይ ይዘረገፋል። አዲስ ማጣሪያ ከመግባቱ በፊት መቀመጫውን በጨርቅ መጥረግና በጣት መዳሰስ ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ወደ ውጭ የሚፈስ ዘይት ሳይሆን ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ቡናማ ወተት የመሰለ ዘይት ነው። አሮጌ የቴስታታ ጓርኒሲዮኖች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል ቅሪታቸው እየረጠበ እንጂ በደረቁ አይፋቅም።

ኮፓው ራሱ ከሆነ ባለ መኪናው ቁጭ ብሎ ዋጋ መነጋገር አለበት። ላዳ ላይ ከሞተሩ ሥር የሚያልፈው የፊት ተሸካሚ ብረት ኮፓውን አላሳልፍ ይላል፤ ሞተሩ ከመቀመጫው ተፈትቶ በክሬን ወይም ከላይ በተጋደመ ብረት ጥቂት መነሳት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው የክዳኑ ታሪክ ነው፦ ቆርቆሮ፣ ጉርባጤ፣ ቀላል እጅ።

ከሁሉ የሚከብደው የኋላው ኦይል ሲል ነው። ክራንክ ሻፍቱ ከሞተሩ ወጥቶ ከቮላኖው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀመጣል፤ ልኩ 70 በ90 በ10 ሚሊሜትር ነው። ከመዳፍ የማትበልጠውን ይህችን ቀለበት ለማግኘት የካርዳኑ ዘንግ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው መውረድ አለባቸው። መኖሪያ ቤቷ የሆነው አሉሚኒየም የራሱ ጓርኒሲዮን ስላለው ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ያንኑ ብረት ሁለተኛ ማውረድ ነው። አሮጌው ሲል ዘንጉ ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ቦይ ቆፍሮ ከተገኘ አዲሱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሸሽቶ ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከንፈሩ በዘይት ይቀባል፣ ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። የሚጥለው ጠብ ጠብ ብቻ ከሆነና ፍሪሲዮኑ ገና ጤነኛ ከሆነ እኔ አላስወርድም፤ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፣ ያኔ የሚጨመረው የሲሉ ዋጋ ብቻ ነው። ዘይቱ የፍሪሲዮኑን ሸራ አርሶ መንሸራተት ከጀመረ ግን መጠበቅ የለም። ከላይ የሚፈሰው ዘይት ትኩሱ የጭስ መውጫ ብረት ላይ እየወደቀ የሚጨስም ከሆነ እንደዚያው፤ እሳት ከእንዲህ ያለ ቦታ ይነሳል።

የላዳ ሞተር ከነማጣሪያው የሚይዘው 3.75 ሊትር ነው፤ መለኪያው ሽቦ ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ የምትጥል ላዳ የሚነዳ ሰው ጥገናው እስኪደርስ ድረስ ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ፣ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ ሽቦውን ማየት አለበት። ከተጠገነች በኋላም ወዲያው «አልተሠራችም» ብሎ መመለስ አያስፈልግም። በተሸካሚው ብረትና በካምቢዮው ጎን የተጠራቀመው አሮጌ ዘይት ለጥቂት ቀናት እየተንጠባጠበ ይቆያል። ከሥር እንደገና ይጠረግ፣ ካርቶን ተዘርግቶ ትደር። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ከተገኘ ከየትኛው ቦታ ትይዩ እንደወደቀ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎ ካርቶኑ ራሱ ለመካኒኩ ይወሰድለት።