ነፃ ድረ ገጽ ወይስ የሚከፈልበት?
በወልቂጤ ቆጮና ቅቤ የሚሸጥ፣ ወይም በቡታጅራ የማረቆ በርበሬ አስፈጭቶ የሚያሽግ ነጋዴ በነፃ ድረ ገጽ ቢከፍት፣ ዶሜይን የሚባለው የገጹ አድራሻ እንደ ዊክስ ያለውን የሰጪ ድርጅት ስም አስከትሎ ስለሚጻፍና የድርጅቱ ማስታወቂያም በገጹ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ከአዲስ አበባ በርበሬ የሚያዝዝ ደንበኛ ሻጩን በስሙ ለማስታወስ ይቸገራል። የሚከፈልበት ድረ ገጽ ይህን ቢያስቀርም፣ በየጊዜው ከሚታደሰው የዶሜይን ክፍያ ሌላ ሆስቲንግ፣ ማለትም ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ኪራይ አለበት፤ የውጭ አገር አቅራቢዎች አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ስለሚያስከፍሉ፣ የብር ሂሳብ ብቻ ላለው ነጋዴ በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያልቀውን የኢትዮጵያ ዶሜይን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ይቀርበዋል። ትእዛዝ በቴሌግራም ለሚቀበልና በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ለሚያስከፍል አነስተኛ ሱቅ ግን ነፃው ለጊዜው ይበቃዋል፤ ሆኖም አድራሻው በማሸጊያው ላይ ከመታተሙ በፊት የራስን ዶሜይን ማስመዝገብ ይሻላል።