ሦስት ሪሞት ላንድ ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ሣጥኑ በፊቱ ላይ የሚጠመዘዙ ጥቂት ቁልፎች ብቻ ነበሩት፤ አንዱ ያበራል፣ አንዱ ድምፅ ያሳድጋል፣ አንዱ ጣቢያ ይለውጣል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ካየ ዳግመኛ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ ግን በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በሰቃ ወዳለ አንድ መጠነኛ ሳሎን ብንገባ፣ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ሪሞት ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው፤ የቴሌቪዥኑ፣ የሪሲቨሩ፣ የሆም ቴአትሩ። የሦስቱ ቁልፎች ቢደመሩ መቶ ሊደርሱ ምንም አይቀራቸውም። ቤተ ሰቡ በየማታው የሚፈልጋቸው ግን ከስምንት አይበልጡም፤ የቀሩት ሁሉ ለመሳሳቻ የተቀመጡ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ተራ አይደለም። ዕቃውን የገጠመው ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ዕውቀቱም አብሮት ይመጣል። አባት፣ እናትና አያት በቡናቸው ገንዘብ በተገዛው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው፣ «ሲግናል የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያዩ ያመሻሉ። ዜናው ያልፋል፤ የዓውደ ዓመቱ ዝግጅት ያልፋል። በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው የጎረቤት ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሪሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ባለበት ቤት፣ ቤተ ሰቡ የሚያየውንና የሚሰማውን የሚወስነው ያው ሰው ነው። ይህም በሳሎን ብቻ ሳይሆን በተማሪዎች መዝናኛ አዳራሽም የምናውቀው እውነት ነው፤ የኳስ ምሽት ሪሞቱ በማን እጅ እንዳለ መመልከት ይበቃል።

ሪሞት ስለምን በዛ ቢሉ፣ ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከቆመች ሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ ይሰበስባል፤ ሪሲቨሩ ሞገዱን ፈትቶ ሥዕልና ድምፅ ያደርገዋል፤ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ያሳያል፤ ሆም ቴአትሩ ድምፁን ያጐላል። አራቱም በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከተለያየ ፋብሪካ ስለመጡ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለች ሳተላይት ሲዛወሩ፣ ናይልሳት ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነች፣ ሁለቱንም የፈለገ ቤት ሁለት ዲሽ አቁሟል፤ አንዳንዱም ሁለት ሪሲቨር ገዝቷል። በዚህ ጊዜ ሪሞቱ አራት ሆነ ማለት ነው።

ሪሞት ራሱ ምሥጢር የለውም። በአሜሪካ ዜኒት የተባለው ኩባንያ በ1955 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ዩጂን ፖሊ የሠራውን በብርሃን የሚያዝ ሪሞት አወጣ፤ የፀሐይ ብርሃን ግን ቴሌቪዥኑን ያሳስተው ነበር። በ1956 ሮበርት አድለር የሠራው ደግሞ ባትሪ የሌለው፣ ትንንሽ የአሉሚኒየም ዘንጎችን እየመታ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚያወጣ ነበር። የዛሬው ሪሞት በአፍንጫው ላይ ካለችው ትንሽ አምፖል ታሕተ ቀይ የሚባል፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ይልካል። ብርሃኑ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም እያለ፣ እንደ ቴሌግራም ምት ረጅምና አጭር እየሆነ ትእዛዙን ይናገራል። ፋብሪካው ሁሉ የየራሱ ቋንቋ ስላለው የአንዱ ሪሞት ለሌላው አይሠራም። አምፖሏ መሥራቷን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በስልኩ የፊት ካሜራ እያየ ቁልፉን ይጫን፤ ሐምራዊ ወይም ነጭ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ደኅና ነው፤ ካልታየ በመጀመሪያ ባትሪውን ይለውጥ።

እንግዲህ መፍትሔውን በተራ እንናገር።

አንደኛ፤ ለሥዕል አንድ መንገድ፣ ለድምፅም አንድ መንገድ ይወሰን። ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ገመድ ካለ፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያላቸው አሮጌ ገመዶች ይነቀሉ፤ ሁለት መንገድ ባለበት ቤት ሰው በተሳሳተው ይገባል። ቴሌቪዥኑም ሆም ቴአትሩም ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ ካላቸው፣ አንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ ሆም ቴአትሩ ይወስደዋል።

ሁለተኛ፤ ድምፅን የሚያሳድግና የሚቀንስ አንድ ዕቃ ብቻ ይሁን። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ይዘጋ፤ የሪሲቨሩ ድምፅ ከፍ ብሎ እዚያው ይተው፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው የሆም ቴአትሩ ብቻ ይሁን። «ድምፁ ጠፋ» ከሚባለው ስሞታ ብዙው የሚመጣው ከሦስቱ አንዱ ሳይታወቅ በመዘጋቱ ነው።

ሦስተኛ፤ በኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ ዕቃዎቹ የሚነጋገሩበት ሲኢሲ የሚባል መሥመር አለ። ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ እያሉ ይጠሩታል። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ከተከፈተ አንዱ ሲበራ ሌላው አብሮ ይበራል። ርካሽ ሪሲቨሮች ግን ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም፤ ለነሱ አራተኛው ይጠቅማል።

አራተኛ፤ ሁለገብ ሪሞት መግዛት ነው። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ወዝኒያክ በ1987 (በፈረንጆች) እንዲህ ያለ ሪሞት አውጥቶ ነበር። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ዓይነት የብዙ ፋብሪካዎችን ቋንቋ በሆዱ የያዘ ነው፤ ማስተካከያ ቁልፉን መብራቱ እስኪጸና ይዞ፣ ከወረቀቱ ላይ የዕቃውን ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ሁለተኛው ተማሪ ነው፤ አሮጌው ሪሞትና አዲሱ አፍንጫ ለአፍንጫ ተያይተው ይቀመጡና አሮጌው ሲጫን አዲሱ ይማራል። ስሙ የማይታወቅ ሪሲቨር ላለው ቤት ተማሪው ይሻላል፤ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ ላይገኝ ይችላልና። አንዳንድ የሺያኦሚ ስልኮችም ይህን አምፖል ስላላቸው ሪሞት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ስለሚወጣ ለቤት አይታመንም።

አምስተኛ፤ ሪሲቨሩ ከሚያመጣቸው መቶዎች ጣቢያዎች ቤተ ሰቡ የሚወድዳቸው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ተመርጠው ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ይደርደሩ።

አሮጌዎቹ ሪሞቶች ግን አይጣሉ። ጥልቅ ማስተካከያ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በነሱ ብቻ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ እንድትንጠለጠል» እንዲሉ፣ ባትሪያቸው ወጥቶ በካርቶን ይቀመጡ።

ኪቶ ፉርዲሳ የመሐንዲሶች ግቢ ሆኖ ሳለ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለምን በዚህ ገባችሁ የሚለን አይጠፋም። መልሳችን፣ የችግሩ እኩሌታ የቋንቋ ነው የሚል ነው። «ሶርስ»፣ «ኢንፑት»፣ «ሜኑ» የሚሉት ቃላት እንግሊዝኛ ላላነበበ ሰው የተዘጋ በር ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ፕላስተርና ብዕር ነው። በሚያስፈልጉት ስምንት ቁልፎች አጠገብ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ እንደ ቤቱ ቋንቋ፣ «አብራ»፣ «ድምፅ»፣ «ጣቢያ» ተብሎ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል በጥፍር ቀለም ምልክት ይደረግ፤ ቀይ ለማብሪያ፣ ሌላ ቀለም ለድምፅ። የማይፈለጉት ቁልፎች በፕላስተር ይሸፈኑ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃዎቹ በምን ተራ እንደሚበሩ በአንድ ካርድ ላይ ተጽፎ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይለጠፍ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ አንድ ፈተና ይቀራል። ገጣሚው እጁን አጣምሮ ይቀመጥ፤ ሪሞቱን ለእናቱ ወይም ለአያቱ ይስጥ፤ ምንም ሳይናገርም ይመልከት። አብርተው፣ ጣቢያቸውን አግኝተው፣ ድምፁን አስተካክለው ካጠፉ ሥራው ተፈጽሟል። ከተሳሳቱ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ አሠራሩ ገና አልቀለለም ማለት ነውና ገጣሚው እንደገና ይሞክር።

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ሁላችንም «አንተ የተማርክ፣ እስቲ ይህን አስተካክል»፣ «አንቺ የተማርሽ፣ እስቲ እዪው» መባላችን አይቀርም። አስተካክሎ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ እኛ በሌለንበት የሚሠራ አድርጎ መመለስ ግን ሌላ ነው። በመጪው ዕረፍት ሁለተኛውን እናድርግ። ኅብረታችንም በመዝናኛ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ካርድ ቢለጥፍ፣ ቴሌቪዥኑ ሪሞቱን የያዘው ሰው ብቻ ሳይሆን የሁላችን ይሆናል።