ለአንገር ጉቲን ዘይት የትኛው የማጣሪያ ከረጢት ያዋጣል?

ከነቀምት ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ነጋዴ አንገር ጉቲንን ሳያቋርጥ አያልፍም። የአንገር ሸለቆ ከበቆሎው ሌላ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ የሚያበቅል ቆላ ነው። የወለጋ ሰሊጥ እንደ ሁመራውና እንደ ጎንደሩ በንጣቱ ሳይሆን በዘይት ይዘቱ የሚፈለግ መሆኑን የቅባት እህል ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የወለጋውን ሰሊጥ ለብቻው መድቦ ሲያገበያይ ቆይቷል። ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ለማምረት ታስቦ የተተከለ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ግዙፍ ፋብሪካ ጋር በመጠን መወዳደር የማይችለው የአነስተኛ መጭመቂያ ባለቤት የሚወዳደረው በጥራት ነው። ገዢ የዘይቱን ጥራት መጀመሪያ የሚለካው ደግሞ በዓይኑ ነው። የደፈረሰ ዘይት፣ ከጄሪካኑ ሥር ዝቃጭ ያስቀመጠ ዘይት ወይ ይመለሳል ወይ ዋጋው ይሰበራል። ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃም በምግብ ዘይት ውስጥ የማይሟሟ ባዕድ ነገር ከ0.05 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል። ይህም በአንድ ሺሕ ኪሎ ዘይት ውስጥ ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ማለት ነው። እዚህ ደረጃ ለመድረስ ከሚያገለግሉት ዕቃዎች በዋጋው ትንሹ፣ በአመራረጡ ግን ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት የማጣሪያ ከረጢት ነው።

ወንፊቱ ስንት ማይክሮን ይሁን?

ከመጭመቂያ የሚወጣ ዘይት ደቃቅ የፋጉሎ ብናኝ ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉ ከረጢት ላይ መጫን ገንዘብ ማቃጠል ነው። በመጀመሪያ ዘይቱ በጋን ውስጥ ረግቶ ከባዱ ዝቃጭ መውረድ አለበት። ብናኙ የበዛ ከሆነም በፊልተር ፕረስ ማለፍ ይኖርበታል። ከረጢቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ የተረፈውን ለመልቀም ነው።

የከረጢት ቀዳዳ የሚለካው በማይክሮን ሲሆን አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። በገበያ ላይ 1፣ 5፣ 10፣ 25፣ 50፣ 100 እና 200 ማይክሮን የሚባሉት የተለመዱ ናቸው። ብዙ ገዢ "ደቃቁ ይሻላል" በሚል 1 ወይም 5 ማይክሮኑን ይገዛና ከረጢቱ ከመቅጽበት ሲደፈንበት ሻጩን ይወቅሳል። ጥሬው በሻካራ ወንፊት ሳያልፍ በዱቄት ወንፊት እንደማይነፋ ሁሉ፣ ዘይትም መጀመሪያ በ100 ወይም በ50፣ ቀጥሎ በ10 ወይም በ5 ማይክሮን ቢያልፍ ሁለቱም ከረጢቶች ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ሌላው ገዢው ሊያጣራው የሚገባ ነገር ቁጥሩ "ስመ" ነው ወይስ "ፍጹም" የሚለው ነው። ስመ 10 ማይክሮን የተባለ ከረጢት የዚያን መጠን ብናኝ በከፊል ይይዛል እንጂ ሁሉን አይዝም። ፍጹም የተባለው ግን ከሞላ ጎደል አንዱንም አያሳልፍም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል። ሁለቱ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ብቻ በዋጋ ሊወዳደሩ አይገባም።

ጨርቁና ሙቀቱ

ከረጢቶች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። ፌልት የሚባለው ጭረቱ የተጠቀጠቀ ወፍራም ጨርቅ ሲሆን ብናኙን በሆዱ ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ብዙ ቆሻሻ ይይዛል፣ ታጥቦ ግን እንደ አዲስ አይሆንም። ሁለተኛው ከናይሎን ክር እንደ ወንፊት የተሸመነው ነው። ብናኙን በላዩ ላይ ብቻ ስለሚያስቀር ታጥቦ ደጋግሞ ይሠራል፣ የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ወንፊቱ ለመጀመሪያው ሻካራ ማጣሪያ፣ ፌልቱ ለመጨረሻው ይመቻል።

ፌልቱ ራሱ የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊስተር ነው። ፖሊፕሮፒሊን አሲድንም አልካሊንም የሚቋቋምና ለውኃ ሥራ ተመራጭ ቢሆንም ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይዝላል። ፖሊስተር ከ130 ዲግሪ በላይ ቢችልም በጠንካራ አልካሊ ይበላሻል። የዘይት ጋኑን በኮስቲክ ሶዳ የሚያጥብ ባለ መጭመቂያ የፖሊስተር ከረጢቱን ቀድሞ ማውጣት አለበት። ናይሎን በበኩሉ አሲድ አይወድም።

ሙቀት ለዘይት ሥራ ወሳኝ ነው። የአትክልት ዘይት በ25 ዲግሪ ከውኃ በ50 እጥፍና ከዚያም በላይ የወፈረ ሲሆን በ60 ዲግሪ ውፍረቱ ወደ ሲሦው ገደማ ይወርዳል። ሞቅ ያለ ዘይት ቶሎ ያልፋል፣ ፓምፑም አይጨነቅም። ከረጢት ሻጮች በካታሎጋቸው የሚጽፉት በሰዓት የሚያልፍ ሊትር ለውኃ የተሰላ ስለሆነ፣ ያንኑ ቁጥር ለዘይት ወስዶ ማሽን ማዘዝ ከባድ ኪሳራ ያመጣል።

ስፌት፣ ቀለበትና ግፊት

ዘይት የሚገባው በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ የሚወጣው በጨርቁ በኩል ነው። ስለዚህ አፉ ላይ ያለው ቀለበት ከማቀፊያው ጋር ጥርቅም ብሎ ካልገጠመ ያልተጣራው ዘይት በጎን ሾልኮ ከተጣራው ጋር ይቀላቀላል። 5 ማይክሮን ከረጢት ገዝቶ ደፍራሳ ዘይት ያገኘ ሰው ጨርቁን ከመጠርጠሩ በፊት ቀለበቱን ይመልከት። የመርፌ ቀዳዳም ከማይክሮን በብዙ ስለሚሰፋ ለደቃቅ ሥራ ከተሰፋው ይልቅ በሙቀት የተበየደው ይመረጣል።

በስፋት የሚገኙት መጠኖች ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ናቸው። የሁለቱም አፍ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቁጥር 1 ወደ 43፣ ቁጥር 2 ወደ 81 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ቁጥር 2 የሚያጣራበት ስፋት እጥፍ ስለሆነ በተመሳሳይ ፍሰት ዕድሜው ከእጥፍም ሊበልጥ ይችላል።

የከረጢት መለወጫ ጊዜ የሚታወቀው በግምት ሳይሆን ከማቀፊያው በፊትና በኋላ በሚተከሉ ሁለት የግፊት መለኪያዎች ነው። የሁለቱ ልዩነት 1 ባር ገደማ ሲደርስ ከረጢቱ ይለወጣል። "ትንሽ ይቆይ" ተብሎ ከ2 ባር ሲያልፍ ጨርቁ ሊቀደድና የያዘውን ዝቃጭ ሁሉ ወደ ንጹሑ ዘይት ሊለቅ ይችላል።

ሒሳቡ በሊትር ነው

የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ዋጋው እጅግ ጨምሯል። ይህም ገዢውን ወደ ርካሹ ከረጢት ይገፋዋል። ነገር ግን ለምሳሌ ያህል አንዱ ከረጢት 600 ብር ተገዝቶ ሁለት በርሜል፣ ማለትም 400 ሊትር ቢያጣራ፣ ሌላው 1,000 ብር ተገዝቶ አምስት በርሜል ቢያጣራ፣ የመጀመሪያው በሊትር 1 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 1 ብር ይመጣል። ከረጢቱን ለመለወጥ የሚቆመው ሥራና በየከረጢቱ ውስጥ የሚቀረው ዘይት ሲታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል።

መንገዱም በሒሳቡ ይገባል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ የታየው የጸጥታ ችግር የነቀምት ቡሬን መንገድ በተደጋጋሚ አስተጓጉሏል። አዲስ አበባ ያለ ባለ ፋብሪካ ከረጢት ሲያልቅበት በዕለቱ ይገዛል። በአንገር ጉቲን መጭመቂያ የሚተክል ግን የመጭመቂያ ወቅቱን የሚያወጣ ክምችት አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ በ1,000 ብር ዕቃ ምክንያት የሰሊጥ ክምር ይዞ ይቀመጣል።

ከረጢቱ የማይሠራው

ከረጢት የሚይዘው ያልሟሟውን ብቻ ነው። የዘይቱን ጉምዛዜ፣ ቀለሙንም ሆነ በሻገተ ለውዝ ውስጥ የሚገኘውን አፍላቶክሲን አያስወግድም። በሙቀቱ ጠርቶ ያለፈ ዘይት ሲበርድ ከደፈረሰም ጥፋቱ የከረጢቱ ሳይሆን በዘይቱ ውስጥ ሟሙቶ የቆየው ሙጫ መሰል ነገር ነው። መድኃኒቱም ሙጫውን በሙቅ ውኃ ለይቶ ማውጣት ነው እንጂ ደቃቅ ከረጢት መግዛት አይደለም።

ስለዚህ ገዢ ወደ ሻጭ ሲሄድ፣ ደላላም ዕቃ ሲያገናኝ፣ ስድስት ነገር ይዞ ይሂድ፦ የሚጣራው ምን እንደሆነ፣ ሙቀቱን፣ በሰዓት የሚፈለገውን ሊትር፣ የብናኙን ብዛት፣ የማቀፊያውን ቁጥር፣ ለምግብ የሚውል መሆኑን። እነዚህን ሳይጠይቅ "ይኸውልህ አሥር ማይክሮን" ብሎ የሚዘረጋ ሻጭ የሚሸጠው ጨርቅ ነው። ከመደበኛው ግዢ በፊትም ሁለት ሦስት ከረጢት ገዝቶ በራስ ዘይት ላይ መሞከርና እያንዳንዱ ስንት ሊትር እንዳጣራ መዝግቦ መያዝ ከማንኛውም ካታሎግ የበለጠ ያስረዳል።