ሁለተኛ የሚያያቸው የለም የተባሉት ጨዋታዎች

አንባቢ ሆይ፤ በልጅነትዎ ማታ ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጠው «እንቆቅልሽ» ሲሉዎ «ምን አውቅልህ» ብለው መልሰው የሚያውቁ ከሆነ፣ ዛሬም አንድ ልጠይቅዎ። ቢያቅትዎም አገር ስጡኝ አልልም።

አንድ የዘጠና አምስት ዓመት ሽማግሌ በብዙ መብራት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰሞኑን ከደረጃ ወድቀው ኖሮ ካንዱ ዓይናቸው በላይ አብጧል። ከወዲያ በኩል አራት የታወቁ ሰዎች በተርታ ተቀምጠው በየተራ ይጠይቋቸዋል። ሽማግሌው አንድ ምስጢር አላቸው፤ ይኸውም የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ በገዛ ዓይናቸው ያዩት ነገር ነው። ምን አይተው ይሆን?

ብዙ አይድከሙ፤ እኔው ልንገርዎ። ሳሙኤል ሲይሞር የሚባሉት እኒህ ሰው በ1865 በዋሺንግተን ከተማ በፎርድ ቲያትር ቤት ውስጥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በጥይት ሲመቱ በቦታው ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ ልጅ ነበሩና የሆነው ነገር አልገባቸውም፤ ያን ጊዜ ያዘኑት ከሰገነቱ ወደ መድረኩ ለወደቀው ሰው ነበር። ያ የወደቀው ሰው ግን ገዳዩ ራሱ ነው። ከዚያ ዘጠና ዓመት አልፎ በፌብሩዋሪ 1956 «ምስጢር አለኝ» በተባለው የቴሌቪዥን ጨዋታ ላይ ቀረቡ፤ ገማቾቹም ምስጢሩን ደረሱበት። የጨዋታው መሪ ጋሪ ሙር 80 ዶላር ሰጣቸው። የፕሮግራሙን ወጪ የሚከፍለው የሲጋራ ኩባንያ ነበረና፣ ሽማግሌው ግን የሚያጤሱት ፒፓ ስለ ሆነ የፒፓ ትምባሆ ተጨመረላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ዐረፉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአገራችን ቴሌቪዥን ገና አልነበረም፤ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነውና። በአሜሪካም ቢሆን ጨዋታውን ያሰናዱት ሰዎች ያሰቡት ለዚያች ምሽት ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እንግዳ፣ ሌላ ምስጢር ይመጣል፤ ያለፈው አለፈ። ሁለተኛ የሚያየው ሰው ይኖራል ብሎ የተጨነቀ ጥቂት ነው። እኔም ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ማየት ነው።

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ወደ ቤት የሚገባው በአንቴና ብቻ አይደለም። ኬብል በሚባል ሽቦ ከጣቢያው ወደ ሳሎን ይዘረጋል፤ ባለቤቱም እንደ መብራትና እንደ ውሃ በየወሩ ይከፍልበታል። በሽቦው የሚመጡት ጣቢያዎች በበዙ መጠን የሚሞላው ባዶ ሰዓት በዛ። አዲስ ፕሮግራም መሥራት ገንዘብ ያስወጣል፤ አሮጌውን ከመጋዘን አውጥቶ ማሳየት ግን ርካሽ ነው። እንዲህ ባለው ሒሳብ በዲሴምበር 1 ቀን 1994 «ጌም ሾው ኔትወርክ» የተባለ ጣቢያ ተከፈተ። ቀንና ሌሊት የሚያሳየው የጥያቄና የመገመት ጨዋታ ብቻ ነበር፤ አብዛኛውም ከሃያ፣ ከሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራ።

«መልሱ የታወቀ ጨዋታ ምን ይታያል?» ይሉኝ ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን «ሥራዬ ምንድር ነው?» የተባለውን አንዱን ይመልከቱ። በሲቢኤስ ጣቢያ ከ1950 እስከ 1967 በየእሑድ ማታ ይታይ የነበረ ነው። እንግዳው ገብቶ ስሙን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተመልካቹ ሥራውን ያውቃል፤ አራቱ ገማቾች ግን አያውቁም። እነሱም አዎን ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ ብቻ እየጠየቁ መድረስ አለባቸው። ለአንድ «አይደለም» እንግዳው 5 ዶላር ያገኛል፤ አሥር «አይደለም» ከሞላ ጨዋታው ያልቃል። የመጨረሻው ሽልማት እንግዲህ 50 ዶላር መሆኑ ነው! ለዚህች ገንዘብ ወይዛዝርቱ የማታ ልብስ፣ ወንዶቹም የቢራቢሮ ከራቫት አድርገው ይቀርባሉ። መሪው ጆን ዴሊ የታወቀ የዜና ሰው ነበረ፤ ጥያቄው ሲያሻማ እንደ ዳኛ ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል።

የታወቀ ሰው ሲመጣ ደግሞ ገማቾቹ ዓይናቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ፤ እንግዳውም ድምፁን ይለውጣል። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት በዚያ ወንበር ተቀምጠዋል። በ1957 የመጣው ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ ለተጠየቀው ሁሉ «አዎን» እያለ ዴሊን አስጨነቀው፤ ሠዓሊ ነህ ወይ፣ አዎን፤ ጸሐፊ ነህ ወይ፣ አዎን። ይህን ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ አያገኙትም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ይህ ሁሉ እንዴት ተረፈ? እውነቱን ለመናገር ብዙው አልተረፈም። ቪዲዮ ቴፕ ለሥራ የዋለው ከ1956 ጀምሮ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት አንድን ፕሮግራም ለማስቀረት የነበረው መንገድ ኪኔስኮፕ የሚባለው ነበር። ይኸውም የፊልም ካሜራ ከቴሌቪዥን መስተዋት ፊት አቁሞ ማንሣት ነው። ሥዕሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ቴፕ ሲመጣ ሥዕሉ ጠራ፤ ነገር ግን ቴፕ ውድ ነበር፤ ደግሞም ተደምስሶ እንደ ገና ይቀዳበታል። ስለዚህ ጣቢያዎቹ የትናንቱን እያጠፉ የነገውን ቀዱበት። «ጄፓርዲ» የተባለው ጨዋታ ከ1964 እስከ 1975 በኤንቢሲ ጣቢያ ከ2,700 ጊዜ በላይ ቀርቧል፤ ከዚያ ሁሉ ዛሬ ያለው በጣም ጥቂት ነው። ለአሥር ዓመት በየቀኑ ሲጠየቅና ሲመለስ የኖረው፣ ያሸነፈውና የተሸነፈው ሁሉ ከቴፑ ላይ ታጥቧል።

እርስዎ በመዝገብ ቤት ሠርተው የሚያውቁ ከሆነ ይህ አይደንቅዎትም። መደርደሪያው ይሞላል፤ አዲሱ ፋይል ቦታ ይፈልጋል፤ አሮጌው ይወጣል። አንድ ቀን ቆሎ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ብዘረጋው ማኅተም ያለበት የሥራ ማመልከቻ ሆኖ አገኘሁት። አመልካቹ ትጉህና ታማኝ መሆኑን በሦስት አንቀጽ ገልጿል። ሥራውን ያግኝ አያግኝ የሚናገረው ገጽ ለሌላ ሰው ቆሎ ተጠቅልሎበት ሄዷል።

«ሥራዬ ምንድር ነው?» የተረፈው አዘጋጆቹ ማርክ ጉድሰንና ቢል ቶድማን በ1952 ጣቢያው የፊልሙን ቅጂ እያጠፋ መሆኑን ደርሰውበት፣ ከዚያ ወዲያ ለሚቀረው ቅጂ ከኪሳቸው ለመክፈል ስለ ተስማሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ጠፍቷል። ከአርባ ዓመት በኋላ ኬብሉ ሲመጣ ያ በአቧራ የተሸፈነ ፊልም እንጀራ ሆነ።

ሁለተኛ ማየት ግን ለናፍቆት ብቻ አይደለም። በ1956 «ሃያ አንድ» የተባለ ጨዋታ በኤንቢሲ ይታይ ነበር። ሁለት ተወዳዳሪዎች በየመስተዋት ሣጥናቸው ውስጥ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ጆሯቸውን ሸፍነው ከባድ ከባድ ጥያቄ ይመልሳሉ። ሄርበርት ስቴምፕል የተባለ የኒው ዮርክ ተማሪ ለብዙ ሳምንት አሸነፈ። ሲያስብ ላቡ ይንጠባጠባል፤ በመሐረቡም ግንባሩን ቀስ እያለ ይነካል። በዲሴምበር 5 ቀን 1956 የዓምናውን ምርጥ ፊልም ስም ተጠየቀና ሳተ። «ማርቲ» ነበር መልሱ። በእሱ ቦታ መልከ መልካሙ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቻርልስ ቫን ዶረን ገብቶ እስከ 129,000 ዶላር አሸነፈ፤ አገሩም ሁሉ ወደደው።

ነገሩ ግን ቲያትር ነበር። ጥያቄውና መልሱ አስቀድሞ ይነገራቸው ነበር። በሣጥኑ ውስጥ እንዲያልበው አየር ማቀዝቀዣው ይዘጋል፤ ስቴምፕልም ላቡን እንዳይጠርግ፣ እንዲነካው ብቻ ተነግሮታል። «ማርቲ»ን በጣም የሚወደው ፊልም ስለ ነበረ አላውቅም ማለቱ ከሁሉ ይበልጥ መረረው። ቫን ዶረን በኖቬምበር 2 ቀን 1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሁሉን አመነ፤ በ1960ም እንዲህ ያለውን ማታለል የሚከለክል ሕግ ወጣ። የእነዚያ ምሽቶች ፊልም ግን ተርፏል። ምስጢሩን ካወቁ በኋላ የሚያዩት ጨዋታ የመጀመሪያው ጨዋታ አይደለም፤ ያን ጊዜ ጭንቀት ይመስል የነበረው ሁሉ የተጠና መሆኑ ይታያል። ስቴምፕል የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ዝም የሚልባትን ጊዜ ለማየት እኔ ሁለት ጊዜ መልሼ ተመልክቻለሁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የማይክል ላርሰን ነገር ነው። ይህ ሰው በኦሃዮ ክፍለ አገር ይኖር የነበረና በበጋ አይስክሬም በመኪና እያዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ይወዳል። በ1983 «ፕረስ ዮር ላክ»፣ ማለትም ዕድልህን ሞክር የተባለ ጨዋታ በሲቢኤስ ተጀመረ። ትልቅ ሰሌዳ ላይ 18 ሣጥኖች አሉ፤ መብራት ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ተወዳዳሪው ቁልፍ ሲጫን መብራቱ የቆመበትን ያገኛል። ዶላር ሊሆን ይችላል፤ «ዋሚ» የተባለው ቀይ ፍጥረት ከሆነ ግን እስከዚያ ያገኘውን ሁሉ ይቀማዋል። የሚያየው ሁሉ መብራቱ እንደ ፈቀደው የሚዘል መሰለው።

ላርሰን ጨዋታውን በቪዲዮ ይቀዳ ጀመር። እየመለሰ፣ እያቆመ፣ እንደ ገና እየመለሰ አየው። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ነገር ከጣቢያው ሰዎች በቂ ትኩረት የሰጠው አልነበረም፤ መብራቱ የሚዘለው በአምስት መንገድ ብቻ ነው፤ አምስቱም እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ደግሞም አራተኛውና ስምንተኛው ሣጥን ምንጊዜም ገንዘብና ተጨማሪ ዕድል እንጂ ዋሚ አይመጣባቸውም። ተማሪ የሆኑ አንባቢዎቼ ይህን ቶሎ ይረዱታል፤ የዓምናውንና የካቻምናውን ፈተና ሰብስቦ፣ መምህሩ አምስት ጥያቄ እያገላበጠ እንደሚያወጣ የደረሰበት ተማሪ ማለት ነው።

አምስቱን መንገድ በቃሉ አጥንቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በሜይ 1984 ተቀምጦ ቁልፉን መጫን ጀመረ፤ ቁልፉ በእጁ፣ ዓይኑ በሰሌዳው። መሪው ፒተር ቶማርከን በመጀመሪያ ይስቃል፤ በኋላ ይበቃህ ይመስለኛል ይለዋል፤ በመጨረሻ የሚለው ያጣል። ላርሰን መብራቱ ገና ሳይቆም እጁን ሲያነሣ፣ ዋጋው ሳይነበብ ሲደሰት ይታያል። በአንድ ቀን 110,237 ዶላር አሸነፈ። ጨዋታው ከመርዘሙ የተነሣ ለሁለት ቀን ተከፍሎ ታየ። ጣቢያው አጭበርብሯል ብሎ ላለመክፈል መረመረ፤ ነገር ግን ማየትና ማስታወስ የሚከለክል ደንብ ስላልነበረው ከፈለው። ከዚያ ሰሌዳውን ለወጠው።

ገንዘቡ አልበረከተለትም። አንድ የራዲዮ ጣቢያ ቁጥሩ ከተጠራው ቁጥር ጋር የሚገጥም የአንድ ዶላር ኖት ላመጣ ሰው ሽልማት አለ ሲል፣ ላርሰን ብዙ ሺህ ዶላር በአንድ አንድ ዶላር አውጥቶ ቤቱ ከምሮ ሲቆጥር ሰነበተ፤ ሌቦች ገብተው ወሰዱበት። በ1999 ሞተ።

ሲቢኤስ እነዚያን ሁለት ቀናት እንደ ገና ማሳየት አልወደደም። ሕዝቡ ያያቸው በ2003 ነው፤ ያሳየውም ከላይ የጠቀስሁት የኬብል ጣቢያ ነበር። ይህ ጣቢያ ራሱ ብዙ ውጣ ውረድ አይቷል። በ1997 መጨረሻ የጉድሰንና የቶድማን ጨዋታዎች ውል አልቆበት እስከ 1998 ጸደይ ድረስ ያለ እነሱ ሲቆይ፣ ወዳጆቹ ያንን ጊዜ «የጨለማው ዘመን» ብለው ሰየሙት። ጥቁርና ነጩን ለብዙ ዓመት ያሳይ የነበረው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ሌሊት ነበር። የሌሊት ተረኛ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሕፃን የሚያባብል ሰው ነበር ደንበኛው። እያደር ጣቢያው ወደ አዳዲስ ጨዋታዎች አዘነበለ፤ በ2015 ደግሞ «በዘር» የተባለ ሌላ ጣቢያ ተከፍቶ አሮጌዎቹን ያለ ኬብል ክፍያ በአንቴና ያሳይ ጀመር።

ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ስለሚገኙ እርስዎም አዲስ አበባም ይሁኑ ደሴ ሊያዩአቸው ይችላሉ። የሲይሞርን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሲያዩ ግን የሚጠይቁትን ትተው ሽማግሌውን ይመልከቱ። ብዙ አይናገሩም። የሊንከን ስም ሲነሣ ፊታቸውን ይዩ፤ ከዚያም ትምባሆውን።