አሮጌ ኮምፒዩተርና የደኅንነት ማሻሻያ



በየመሥሪያ ቤታችን በየቀኑ የሚያጋጥም፣ ነገር ግን ማንም እንደ ጉዳይ ቆጥሮ በስብሰባ የማያነሣው አንድ ነገር አለ። ይኸውም አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር «የደኅንነት ማሻሻያ መጥቶልሃልና ተቀበል» በተባለ ጊዜ ይቀበል ወይስ ይቅርበት የሚለው ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግራችን በዚሁ ላይ ነው።

ነገሩን በዐይነ ልቡና እንድትመለከቱት ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የደብረ ሲናን ዐቀበት ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ በይፋት ወዳለችው ወደ ማጀቴ እንሂድ። በዚያ በአንድ ጽሕፈት ቤት ዐሥር ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተር አለ እንበል። ይህን የምንለው ለምሳሌ ነው እንጂ የአንድን መሥሪያ ቤት ገመና ለመግለጥ አይደለም። የቆላው ሙቀትና አቧራ ማራገቢያውን አድክሞታል፤ መብራትም ይሄዳል፣ ይመጣል። በዚህ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የገበሬው የመሬት ይዞታና የባለጉዳዩ ማመልከቻ ሁሉ ተከማችቶ ይገኛል። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የደመወዙ ዝርዝር በሚዘጋጅበት ሰዓት፣ «ማሻሻያው አሁን ይጫን ወይስ ቆይቶ?» የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ሠራተኛው «ቆይቶ» የሚለውን ይጫናል። በማግሥቱም እንዲሁ ያደርጋል። ይኸው «ቆይቶ» እየተባለ ሁለት ዓመት ይሆነዋል።

ይህን ሠራተኛ ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ ተገቢ አይደለም። ሰውየው ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. «ሜልትዳውን» እና «ስፔክተር» የተባሉ የፕሮሰሰር ጉድለቶች ለዓለም በተገለጡ ጊዜ፣ እነርሱን ለመድፈን የወጣው ማሻሻያ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ተጠቃሚው እስኪያውቀው ድረስ እንደሚያዘገይ ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ ተናግሯል። እንዲያውም ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው አንዳንድ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ያሉባቸው ኮምፒዩተሮች ማሻሻያውን ከተቀበሉ በኋላ አንነሣም ስላሉ፣ ለእነርሱ የሚላከው ለጥቂት ጊዜ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በእኛም አገር በፓወር ግዕዝ ተጽፎ የኖረው ደብዳቤ እንዳይበላሽ፣ በብዙ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ያገለገለው አይቤክስ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም እንዳይቆም፣ የኢንተርኔቱ ሒሳብ እንዳያልቅ፣ በማሻሻያው መካከል መብራት እንዳይጠፋ የሚሰጋው ብዙ ነው። ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ዊንዶውስ የሚሠራበት ሰው ደግሞ፣ ምስጢሩ እንዳይወጣበት ማሻሻያውን ከነጭራሹ ዘግቶት ይገኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ «ታዲያ አለመንካቱ አይሻልምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የደኅንነት ማሻሻያ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

የጽሕፈት መኪና ሪባኑን ከለወጡለትና ዘይት ከቀቡት ሠላሳ ዓመት ይሠራ ነበር። በሩቅ አገር የተቀመጠ ሌባም ሊደርስበት አይችልም ነበር። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። ዊንዶውስን የመሰለ ሥርዓት በሚሊዮን በሚቈጠር መስመር የተጻፈ ስለ ሆነ ጸሐፊዎቹ ሳያውቁት የተውት ቀዳዳ አይጠፋበትም። ቀዳዳው በተገኘ ጊዜ ሠሪው ኩባንያ መድፈኛውን አዘጋጅቶ ያሠራጫል። የደኅንነት ማሻሻያ ማለት ይህ መድፈኛ ነው። መልክን የሚለውጠው ወይም አዲስ አገልግሎት የሚጨምረው ማሻሻያ ሌላ ነውና ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ያኛው ቢዘገይ ጉዳት የለውም።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የይፋት ገበሬ የማሽላውን አጥር ቀዳዳ ሲደፍን በገበያ ቆሞ «በዚህ በኩል ክፍት ነበር» ብሎ አይለፍፍም። የማሻሻያ ነገር ግን ከልፈፋው ጋር የሚመጣ ነው። መድፈኛው ለሁሉ በተሠራጨ ዕለት ዐዋቂ የሆነ ሌባ መድፈኛውን ፈትቶ ይመረምርና ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ይደርስበታል። ስለዚህ ማሻሻያው ከመውጣቱ በፊት ቀዳዳውን የሚያውቁት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከወጣ በኋላ ሊያውቁት የሚችሉት እጅግ ብዙዎች ይሆናሉ። «እስከ ዛሬ ምንም አልደረሰብኝም» የሚለው ክርክር ከዚያ ዕለት በኋላ ዋጋ የለውም ማለት ነው።

ይህም በተግባር የታየ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት አንድ ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። በሚቀጥለው ወር፣ ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት የተሰረቀ ነው የተባለ፣ በዚያው ቀዳዳ የሚገባ መሣሪያ በአደባባይ ተበተነ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ተባይ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። ማንም ምንም ሳይጫን ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። የያዘውንም ፋይል ሁሉ ቈልፎ 300 ዶላር፣ ከሦስት ቀን በኋላም 600 ዶላር ቤዛ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከ236 የሕክምና አስተዳደሮች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ታወኩ፤ የተሰረዘው የሕሙማን ቀጠሮም ተቈጥሮ የተረጋገጠው ብቻ ከ6,900 በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰው ሁሉ ጥፋቱን የጣለው እጅግ ባረጀው በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነበር። ሲመረመር ግን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ከተያዙት የሚበዙት ዊንዶውስ 7 የነበራቸው ሆነው ተገኙ። ዊንዶውስ 7 በዚያን ጊዜ ሠሪው ገና የሚጠግነው ነበር፤ መድፈኛውም ከሁለት ወር በፊት በነጻ ደርሶት ነበር። የጎዳቸው እርጅና ሳይሆን «ቆይቶ» የምትለዋ ቃል ናት።

«የእኔ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር ስላልተገናኘ ይህ አይመለከተኝም» የሚልም አይጠፋም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ፍላሽን ረስተዋታል። ሪፖርቱ ከማጀቴ ወደ ደብረ ብርሃን በፍላሽ ይሄዳል፤ ፍላሹ በመንገድ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰካል፤ ተመልሶም ጽሕፈት ቤት ይገባል። ፎልደሩ ሁሉ ተሰውሮ በምትኩ ባዶ ምልክት ሲቀመጥ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ፍላሽ እንደ ተሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ ያደርግ የነበረውን ልማድ ማይክሮሶፍት በ2003 ዓ.ም. በማሻሻያ ካስቀረ በኋላ፣ በዚህ መንገድ ይዛመት የነበረው ቫይረስ በኤክስፒና በቪስታ ላይ በእጅጉ ቀንሷል። ኢንተርኔት አይቶ የማያውቀውም ኮምፒዩተር የሚጠቀምበት ማሻሻያ ነበር።

በአገራችንም ወረዳዎች በወረዳኔት መገናኘት ከጀመሩበት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አንዱ ጽሕፈት ቤት ከሌላው ተለይቶ የሚኖርበት ዘመን እያለፈ መጥቷል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መቀመጫቸው ግብፅ የሆነ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት እንደ ሞከሩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ አስታውቆ ነበር። ጠላት ወደ ማጀቴ የሚመጣው ማጀቴን ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ በተከፈተው ሁሉ የሚገባ ነውና።

እንግዲያስ ውሳኔው በምን ላይ ይቁም? ሊጠየቅ የሚገባው የኮምፒዩተሩ ዕድሜ አይደለም፤ ሠሪው ዛሬም ይጠግነዋል ወይስ ትቶታል የሚለው ነው። የሚጠግነው ከሆነ፣ ቢዘገይም እንኳ መቀበል ይገባል። አንድን ደብዳቤ ለመክፈት ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ያናድዳል፤ የአንድን ወረዳ የመሬት መዝገብ ማጣት ግን ገበሬውን ከጎረቤቱ ጋር በፍርድ ቤት የሚያቆም ነገር ነው።

ሠሪው የተወው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተትተዋል። ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ጥገናው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለተመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለሚከፍሉ ድርጅቶች ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ ማራዘሚያ ተፈቅዷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአመዛኙ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ስለሚጠየቅ፣ ከጽሕፈት ቤቶቻችን ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በበሩ ላይ መቅረታቸው አይቀርም። እንዲህ ላለው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሊኑክስን መጫን ነው፤ ይህም ለተራ ጽሕፈት ይበቃል፣ ለፓወር ግዕዝ ግን አይመችም። ሁለተኛው ከመረቡም ከፍላሽም ለይቶ ለብቻው ማሠራት ነው። የደመወዝና የመሬት መዝገብ በእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ላይ እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ኃላፊ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ቢሰጥ ደግ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ያስባል።

የአሠራሩ ነገር አጭር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ፋይሉን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥና ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ክፍል መቈለፍ ነው፤ ተሰክቶ የቀረ ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይቈለፋልና። ማሻሻያውን በወር መጨረሻ ሳይሆን ሥራ በሚቀልበት ዕለት፣ ዩፒኤስ ባለበት መጫን ነው። አምስት ኮምፒዩተር ካለ በአንዱ ጀምሮ፣ ፓወር ግዕዙም የሒሳቡም ፕሮግራም መሥራታቸውን ለጥቂት ቀናት አይቶ ወደ ሌሎቹ መሻገር ነው። ኢንተርኔት የሚያንስበት ጽሕፈት ቤት፣ ማሻሻያው አንድ ጊዜ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ማከማቻ ወርዶ በንጹሕ ፍላሽ እንዲመጣለት የዞኑን የአይሲቲ ባለሙያ ሊጠይቅ ይችላል።

ነገ ጧት ከመሥሪያ ቤት ስትገቡ «ሴቲንግስ» ከሚለው ውስጥ «ሲስተም»ን፣ ቀጥሎም «አባውት» የሚለውን ክፈቱ። የዊንዶውሱ ስምና ቍጥር እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ያንን ቍጥርና የመጨረሻው ማሻሻያ የተጫነበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በኮምፒዩተሩ ጎን ለጥፉት፤ ከእናንተ በኋላ በዚያ ወንበር የሚቀመጠውም ሠራተኛ እንዲያየው።